የገላፊ እሁድ

ኤምቢኤ መማር የሚያስብ ሠራተኛ አዲስ አበባ ላይ የሚያወጣው የሚያወርደው የታወቀ ነው፤ ሥራ ለቅቆ በመደበኛው ይመዝገብ ወይስ ደመወዙን እያገኘ በማታው ወይም በቅዳሜና እሁዱ? ጥያቄው አፋር ክልል ጫፍ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ካለችው ገላፊ ሲደርስ ግን መልኩ ይለወጣል።

የገላፊ ትራንዚተር ቅዳሜና እሁድ የለውም። የአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ ቢጀምርም መስመሩ በድሬዳዋና በደወሌ በኩል ስለሆነ፣ ከባድ መኪናው ዛሬም በአዋሽ፣ በሚሌና በሎጊያ አድርጎ ገላፊ ይሰለፋል። በዚያ ላይ የጅቡቲ መሥሪያ ቤቶች የሚያርፉት ዓርብና ቅዳሜ ነው። እሁድ ጠዋት ሰመራ ላይ ተማሪ ደብተሩን ሲገልጥ ማዶ የሥራ ሳምንት ይጀመራል። ወዲያው ስልክ ይጮኻል፤ ዴክላራሲዮኑ ላይ የሰፈረው የኮንቴይነር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አልገጠመም፣ ሾፌሩም ቆሟል። ተማሪው ይወጣል። ያመለጠውን ማን ይደግምለታል?

መደበኛው ይሻላል እንዳይባል፣ ደመወዝ ተቋርጦ የቤት ኪራይ አይቋረጥም። ሥራ ላልያዘ ወጣት ምሩቅ ወይም ሙያ መቀየር ለሚፈልግ ሰው መደበኛው ጥሩ ነው፤ ለማንበብ ጊዜ ይሰጣል። ዓመታት ድንበር ላይ ለሠራ ሰው ግን ከሥራው መለየት ኪሳራ ነው። ኮንቴይነር በጊዜው ሳይመለስ ሲቀር በዶላር የሚቆጠረው ዲመሬጅ፣ የመኪና ምልልስ፣ የሰነድ መዘግየት፦ መምህሩ በመጽሐፍ የሚያስረዳውን እሱ በየቀኑ ያየዋል።

የኤክስቴንሽኑም ጉድለት አይደበቅ። አምስት ሰው ስሙን አስፍሮበት አንዱ ብቻ የሠራው የቡድን ሥራ፣ በገንዘብ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሐሜት ነው። የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ብሔራዊ ፈተና ከመጣ ወዲህ በሩ ለሁለቱም አንድ ሆኗል፤ ከበሩ በኋላ ያለው ግን ገና ነው።

መርሐ ግብሩ ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1908 የሁለት ዓመቱን መደበኛ ኤምቢኤ ጀመረ፤ ቺካጎ በ1943 ሥራቸውን ላልለቀቁ ኃላፊዎች የሚሆን ሌላ ከፈተ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሰመራ ዩኒቨርሲቲም በመስመሩ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች አንዱን ኮርስ በአሥር ቀን ጠቅልሎ ቢሰጥ፣ የቀረውን በኢንተርኔት ቢያስከትል ያዋጣል። በፈረቃ ለሚሠራ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ለአሥር ቀን መልቀቅ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ከማጣት ይቀላል።

ወሩን መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ለመምህራን የተለመደው የክረምት መርሐ ግብር ሰመራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት ላይ ይውላል፤ ለዚህ ትምህርት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል።