«የቤት ገመና ነው» ማለት ይብቃን!

ለተከበራችሁ የእብናት የሰፈራችን ነዋሪዎች፤

በሌሊት የሴት ጩኸት ስንሰማ ምን እናደርጋለን? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መብራት አጥፍተን እናዳምጣለን። በማግሥቱ ዓይኗ አብጦ ስናገኛት «ላም ረገጠችኝ» ትለናለች፤ እኛም ያመንን መስለን እናልፋለን። የሌባ ጩኸት ቢሆን ኖሮ ግን ዱላ ይዘን እንወጣ ነበር እኮ!

«በሰው ትዳር ምን አገባን?» የምንል ብዙዎች ነን። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአገራችን ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የጠየቁት ከአራት አንዷ ያህል ናቸው፤ ከሦስት ሁለቱ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። የደፈሩትም በብዛት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው በር የእኛ በር ነው ማለት ነው።

በዚህ በር ስትገባስ ምን ትሰማለች? «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው።» አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ብትገባም ሽማግሌ ይላካል፣ ባል ዋስ ይጠራል፣ በሳምንቱ ትመለሳለች። ሽምግልናን የምንነቅፍ አይደለንም፤ ደም ያደርቃል። ነገር ግን ተመቺዋን ዝም አሰኝቶ መቺውን በነፃ የሚሸኝ እርቅ፣ እርቅ ነው እንዴ?

ሕጉ «ምን አገባኝ» አይልም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን አካል ወይም አእምሮ መጉዳት ወንጀል መሆኑን ደንግጓል። ቀላል የአካል ጉዳት ግን የሚያስቀጣው ተበዳይዋ አቤት ስትል ነው፤ አቤቱታውም በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ «ትንሽ ታገሺ» እያልን ቀን የምንገፋባት እኛ፣ መብቷን እያስበላንባት ነው። «መሬቴን አጣለሁ» ብላ ለምትፈራም፣ በክልላችን የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም የሚወጣ መሆኑን እንንገራት።

ወገኖቻችን! ጩኸት ስንሰማ ተጠራርተን በሩን እናንኳኳ። ሸሽታ የመጣችውን እናሳድር። ሲነጋም ብቻዋን አንልቀቃት፤ ጤና ጣቢያ ወስደን ትታከም፣ ጉዳቷም በጽሑፍ ይያዝላት፤ ከዚያ ወደ ፖሊስና ወደ ወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አብረናት እንሂድ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋማ፣ ያላት እኛው ብቻ ነን።

ለቀብሯ ድንኳን የሚተክል እድር፣ በሕይወት ሳለች በር መክፈት ያቅተዋል?