ስለ ኪራይ ቤትና ስለ ሐሰተኛ ውል

ከሸዋ ሮቢት ወጥተው በአዲስ አበባ ሥራ የያዙ ወጣቶች ለበዓል ሲመለሱ ስለ ቤት ኪራይ ሲጫወቱ እሰማለሁ። ጨዋታቸውም ዘወትር የሚያልቀው «ታዲያ ምን ላድርግ?» በሚል ቃል ነው። እኔ የምሟገተው ከዚህ ቃል ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ለሥራቸው ቀረብ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ይፈልጋሉ። ደላላው ያገናኛቸዋል። አከራዩም ቤቱን ካሳየ በኋላ «ውሉ ላይ የምንጽፈው ግማሹን ነው፤ ቀሪውን በእጅ ትሰጡኛላችሁ» ይላል። ምክንያቱ ግብር ነው። እነርሱም ቤቱ እንዳያመልጣቸው ፈርተው ይፈርማሉ።

ልጆቼ ሆይ፣ ይህን ፊርማ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራይ ጋሻ እንዲሆን የታሰበ ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል፤ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከሚያስታውቀው መጠን ማለፍ የለበትም። ነገር ግን ጋሻው የሚመክተው የተጻፈውን ነው። አከራዩ በእጅ የሚቀበለውን ክፍል በሚቀጥለው ወር እጥፍ ቢያደርግባችሁ ለማን አቤት ትላላችሁ? ቢሮ ገብታችሁ «ውሉ ሐሰት ነው» ብትሉ፣ «ማን ፈረመው?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ።

አከራዩም ቢሆን የልቡን አላገኘም። ተከራዮቹ አንድ ቀን ተማክረው በወረቀት ያለውን ብቻ እንከፍላለን ቢሉት በየትኛው ማስረጃ ይከሳቸዋል? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው የሚባለው ለዚህ ነው። ከአከራዮች መካከል የባንክ ዕዳ ያልጨረሱ፣ ወይም በዚያች ኪራይ ብቻ የሚተዳደሩ ጡረተኞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አዝንላቸዋለሁም። ግብሩ የከበደው ሰው በግልጽ ይሟገት፤ ሸክሙን የሃያ አምስት ዓመት ልጅ በሐሰት ፊርማ እንዲሸከምለት ማድረግ ግን ነውር ነው።

ቅርብ ያለ ቤት እንዲህ የሚያስዋሽ ለምን ሆነ? ርካሹ ቤት ሩቅ ስለ ሆነ ነው። ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ የተከራየ ሰው በኪራይ ያተረፈውን በታክሲ ሰልፍና በእንቅልፉ ይከፍላል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ኪራይ ከቀነሰ ወዲህ፣ ቤቶቹ ጥገና አጥተው ቢያረጁም፣ ድኻው በመሐል ከተማ በእግሩ ገበያ ወርዶ በእግሩ ይመለስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርስ ከነዋሪው ብዙው ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። በቦታው የተሠራው የእግረኛ መንገድ ሰፊና ያማረ ነው፤ አይቼዋለሁ። ይሁን እንጂ በእግሩ ይኖርበት የነበረው ሰው ዛሬ በአውቶቡስ መጥቶ ነው የሚራመድበት።

በ2012 ዓ.ም. ያን ጊዜ የፓሪስ ከንቲባ የነበሩት አን ኢዳልጎ ማንም ነዋሪ የሚያስፈልገውን በሩብ ሰዓት መንገድ ያገኝ ዘንድ እንሥራ ብለው ተነሥተው ነበር። የኛ ሸዋ ሮቢት ያለ ከንቲባ ንግግር እንዲህ ሆና ቆይታለች፤ ከቤት እስከ ወፍጮ፣ ከወፍጮ እስከ ገበያ በእግር ነው። (በቆላ ቀትር ሲሆን ቀላል ነው አልልም፤ ባጃጅ የሚጠራውንም አልነቅፍም።) አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሌላ የትኞቹ ከተሞች እንዲካተቱ ለክልሎች ትቶታል፤ እኛም ዘንድ ስንቱ ቤት በቃል ብቻ እንደሚከራይ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ።

«እኛ እንቢ ብንል ሌላ ተከራይ ይገባበታል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ይገባበታል። ያ ሌላው ተከራይ ግን ከሰማይ አልወረደም፤ አብሯችሁ የተመረቀ ልጅ ነው፣ እርሱም ስለ እናንተ ይህንኑ ይላል። ስለዚህ ክፍሎቹን ከማየታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ሙሉውን ኪራይ የምናስገባበት የባንክ ሒሳብ የትኛው ነው?» በሉ። ደላላው ከሳቀ ወደሚቀጥለው ቤት ሂዱ። አስቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁም፣ በእጅ የምትሰጡትን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በባንክ ላኩት፤ ምክንያቱንም «የቤት ኪራይ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ደረሰኙን አትጣሉ።