በግምት የምትወጋ መርፌ

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ! ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ የማይጠፋ ወሬ ነው። እቅጩን እንነጋገር ከተባለ ግን መድኃኒቱን የለመደው የኛ ሰውነት አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ የገባው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚያመክንበት ጂን ስላለው ነው። የጤና መሥሪያ ቤቶቻችን ይህን ነገር «ብግርነት» ይሉታል። ስሙ አፍ ላይ ባይጥምም ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው፤ በተለይ ባክቴሪያው ደም ውስጥ ሲገባ።

ለምን ደም? ቁስል ላይ ያለ ባክቴሪያ የመጀመሪያው መድኃኒት ባይሠራ ሁለተኛ ለመሞከር ብዙ ጊዜ ፋታ ይሰጣል። ደም ውስጥ የገባ ግን በሰዓታት ውስጥ ኩላሊትና ሳንባን ከሥራ ውጭ ሊያደርግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን «ሜሪኖ» የተባለ ጥናት እንይ። በዘጠኝ አገሮች፣ ሴፍትሪያክሶን የማይገድለው ኢ. ኮላይ ወይም ክሌብሲዬላ ደማቸው ውስጥ የተገኘባቸው ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ላቦራቶሪው ሁለቱም መድኃኒቶች ይሠራሉ ብሎ ነበር። ሜሮፔነም ከወሰዱት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 3.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ፒፔራሲሊን-ታዞባክታም ከወሰዱት ግን 12.3 በመቶ ሞቱ። ባክቴሪያው የተሸከመው ጂን እንዲህ ያለ ልዩነት ያመጣል። ዕድሜ፣ ሌላ በሽታ፣ ዘግይቶ መምጣት የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይህኛው ግን መርምረን ልናውቀው እየቻልን የማናውቀው ነው።

አሁን ወደ ሞጆ እንምጣ። ሞጆ የመንገደኛ ከተማ ናት። የጅቡቲው መንገድና ባቡሩ ያልፉባታል፤ የሐዋሳው መንገድ እዚያ ይገነጠላል፤ ደረቅ ወደብ፣ ቆዳ ፋብሪካ፣ ቄራ አላት። ታዲያ ሾፌሩን ወይም ወዛደሩን ትኩሳት ሲይዘው የሚጠብቀው ምንድነው? በአዳማም፣ በመቂም፣ በአዲስ አበባም እንደለመድነው፣ ደም ይሰጥና ብዙም ሳይቆይ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ይባላል። ታይፎይድ የሚያሰኘው ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። ባክቴሪያውን ራሱን አያይም፤ ሰውነት ያመረተውን ፀረ-አካል ብቻ ነው የሚያየው። ድሮ ታሞ የዳነውም፣ ሌላ በሽታ የያዘውም «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። ጂኑ ይቅርና የባክቴሪያውን ስም እንኳ በእርግጠኝነት አይነግረንም። በዚህ ወረቀት ነው እንግዲህ ሴፍትሪያክሶን የሚታዘዘው።

የሰውየው ደም ውስጥ ያለው ሴፍትሪያክሶንን የሚያመክን ክሌብሲዬላ ከሆነስ? መርፌው ይወጋል፣ ትኩሳቱ ይቀጥላል፣ ሰውየው ይሞታል። እኛም «ዘግይቶ መጣ»፣ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ለቅሶ ደርሰን፣ ንፍሮ ቆርጥመን እንመለሳለን። ምን እንደገደለው የጠየቀ የለም።

ይህ የፈረንጅ አገር ወሬ የሚመስላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 «ባርናርድስ» የተባለ ጥናት በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች የጨቅላ ሕፃናትን የደም ኢንፌክሽን ሲያጠና ከኢትዮጵያ የተሳተፈው የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነበር። ጂናቸው ከተነበበው ውስጥ 390 ግራም-ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች ሲፈተሹ 379ኙን አምፒሲሊን፣ 274ቱን ጄንታማይሲን የማይነካቸው ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሁለቱ ለጨቅላ ሕፃን በመጀመሪያ የሚታዘዙት ጥንድ መድኃኒቶች ናቸው! ከጥንዱ ቢያንስ በአንዱ የሚሸነፉት 111 ብቻ ነበሩ።

«የኛ ግን ታይፎይድ ነው» ብትሉም አታመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2016 በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር የታይፎይድ ባክቴሪያ «ሲቲኤክስ-ኤም-15» የተባለውን ጂን የያዘ ፕላዝሚድ ተሸክሞ ተገኘ። ፕላዝሚድ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚሻገር የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበት ነው። ከዚያ ወዲያ እዚያ ሴፍትሪያክሶን ታይፎይድን ማዳን ተሳነው። ይኸው ጂን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በክሌብሲዬላና በኢ. ኮላይ ላይ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ጂን ቀረጥ አይከፍልም፣ ኬላ ላይም አይፈተሽም። ደረቅ ወደብ ያላት ከተማ ይህን ለመረዳት ሊቸግራት አይገባም።

መልስ የሚሰጡን ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኞቹ «ካልቸር ቀናት ይፈጃል፤ በሽተኛው እስከዚያ ይሙት?» ይላሉ። ማን ጠብቁ አለ? ደሙ ይቀዳ፣ ወዲያው መርፌው ይሰጥ፣ ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱ ይስተካከል። የመቶ በሽተኛ ውጤት ሲጠራቀም ደግሞ ለመቶ አንደኛው የመጀመሪያዋ መርፌ ምን መሆን እንዳለባት ይነግረናል።

ሁለተኞቹ «ለሁሉም ጠንካራውን እንስጥ» ባዮች ናቸው። ሜሮፔነምን እንደ ከረሜላ እናድል ማለታቸው ነው። እሱን የሚያመክነው «ኤንዲኤም-1» የተባለ ጂን በጅማ ሕሙማን ላይ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ጠንካራውን በግምት በረጨን ቁጥር ከሞት የሚተርፈው ያንን ጂን የያዘው ባክቴሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ልንሰጥ ነው?

የምንጠይቀው ሰማይ የራቀ ነገር አይደለም። ጂን ማንበቢያው ማሽን ለጊዜው አዲስ አበባ ይቀመጥ። ለሞጆ የሚያስፈልጋት የካልቸር ጠርሙስና ጠርሙሱን የሚያደርስ ሞተር ሳይክል ነው። ደም የገባበት ጠርሙስ በረዶ አይፈልግም፣ እንዲያውም ፍሪጅ አይወድም። አዳማ የሕዝብ ጤና ምርምርና ሪፈራል ላቦራቶሪ አለ፤ ከሞጆ ያለው ርቀት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከጅቡቲ የመጣን ኮንቴነር በቁጥሩ የሚከታተል አገር አንዲት ጠርሙስ አዳማ ልኮ ውጤቷን መቀበል አያቅተውም። ውጤቱም ተሰብስቦ በየዓመቱ ለየክሊኒኩ ይመለስ፤ በዚህ አካባቢ ያሉ ባክቴሪያዎች የትኛውን መድኃኒት እንደሚፈሩ ሐኪሙ ይወቅ።

እናንተስ? ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መግዛት ተዉ። ዘመዳችሁ በትኩሳት ሆስፒታል ሲተኛ ደግሞ «ግሉኮስ ተሰቀለለት?» ከማለታችሁ በፊት «ደሙ ለካልቸር ተልኳል?» በሉ። አልተላከም ከተባላችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። አሁንም ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።