ኪስና ከተማ

ዘንድሮ ለኮሌጅ ወደ አዲስ አበባ የምትመጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እናቴ ለወር ብላ የቋጠረችልኝን ገንዘብ እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ኬክ ቤት ለኬክ ቤት ጨርሼ፤ ቀሪውን ሦስት ሳምንት የሰው ፊት ሳይ ከርሜአለሁና ስሙኝ። ከተማይቱ ኪሱ ለሳሳም ተማሪ ጨዋታ አላት። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፤ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኛል፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ብትወርዱ በብሔራዊ ሙዚየም በ1967 ዓ.ም. አፋር ምድር የተገኘችውን የድንቅነሽን አምሳያ ታያላችሁ። ቴአትር ያማራችሁ እንደሆነ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር አለ፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትርም አለ። ብቻ የመመለሻ ሳንቲም አስቀድማችሁ ለይታችሁ ያዙ፤ እኔ ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ስድስት ኪሎ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼዋለሁ፤ ያውም በዝናብ።