መርህ ሲላላ በግልጽ ይላላ

አንድ በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ምን ይቀበል፣ ምንስ ይመልስ? ከቴክኒኩ ጀርባ ያለው ጥያቄ ሁላችንንም ይመለከታል፦ ለመርህም ለተጠቃሚም በአንድ ጊዜ ታማኝ መሆን ይቻላል ወይ?

ዴቢያንን እንውሰድ። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው፣ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ኡቡንቱም የተሠራው በእሱ ላይ ነው። አባላቱ በ1997 ያጸደቁት «ማኅበራዊ ውል» ዴቢያን መቶ በመቶ ነፃ ሆኖ እንደሚቆይ ቃል ገባ። ነፃ ሲሉ ማንም ኮዱን ማየት፣ ማሻሻልና ማከፋፈል ይችላል ማለታቸው ነው።

ጣጣው ዋይፋይ ላይ መጣ። ብዙ የላፕቶፕ ዋይፋይ ካርዶች ያለ ፈርምዌር አይሠሩም። ፈርምዌር ደግሞ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምራቹ ኮዱን የቆለፈበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ከዋናው መጫኛ ውጭ ቀረ። ፈርምዌር ያለበት ሌላ መጫኛ ነበረ፤ ግን «ይፋዊ ያልሆነ» ተብሎ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር።

እዚህ አዲስ አበባ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ተማሪ አስቡ። ያለው ኢንተርኔት የስልኩ ሆትስፖት ነው። ዋይፋዩ እምቢ ካለው በገመድ ወይም በፍላሽ መላ መፈለግ አለበት። ካልሆነለት «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» ብሎ ክራክ ወደተደረገ ዊንዶውስ ይመለሳል። የዴቢያን መርህ ንጹሕ ሆኖ ቀረ፤ ተማሪው ግን ምን አተረፈ?

በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ውሉን አሻሻሉ። በ2023 በወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩ ዋናው መጫኛ ውስጥ ገባ።

የተቃዋሚዎቹ ስጋት የሚናቅ አይደለም። የተቆለፈ ኮድ ውስጥ ምን እንዳለ ተጠቃሚው መመርመር አይችልም። ዛሬ ይህን የተቀበለ ነገ ምን ሊቀበል ነው? የሚሉትም እውነት አላቸው።

እኔ ውሳኔውን የምደግፈው በአካሄዱ ነው። የተፈቀደው መሣሪያ ያለሱ የማይሠራው ፈርምዌር ብቻ ነው። የተቀመጠውም «ነፃ ያልሆነ» የሚል ስም በተለጠፈበት የተለየ ክፍል ነው። መጫኛው ምን እንደጨመረ ለተጠቃሚው ይናገራል፤ የማይፈልግ ሰው ማስቀረት ይችላል። ውሉ ራሱ የተለወጠው በአደባባይ፣ በድምፅ ነው።

መርህ የሚሞተው በድብቅ ሲሸረሸር ነው። ዕድርም ይሁን ማኅበር ወይም ፓርቲ ደንቡን ሲያላላ ምን እንዳላላ፣ ለምንና እስከ የት እንደሆነ እንዲህ ጽፎ ቢነግረን ምን ይጎድልበት ነበር?