ስምንት ብለን አራት ስናገኝ

የፓሪስ ኦሊምፒክ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በዚያ በሐምሌ ብርድ፣ ሰባት ሆነን አንድ ማኪያቶ ቤት ውስጥ ተኮልኩለን ነበር። (ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2024 ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የወሬው ርዕስ የታወቀ ነው፤ ዘንድሮ ስንት ሜዳልያ እናመጣለን? አንዱ ስምንት፣ ሌላው ዘጠኝ እያለ ሲጯጯህ፣ አንዷ ጓደኛችን ከጠረጴዛው ላይ ሶፍት አንስታ ሰባት ቦታ ቀደደችና «በአፍ አይሆንም፤ ጻፉት» አለች። ጻፍን። ከየኪሳችን መቶ መቶ ብር አዋጣን። ብሩንም ወረቀቱንም ፖስታ ውስጥ ከተን፣ ስፖርት የሚባል ነገር ለማይወደው ጓደኛችን በአደራ ሰጠነው።

ኦሊምፒኩ አለቀና ፖስታው ተከፈተ። ትንሹ ግምት ሰባት፣ ትልቁ አሥራ አንድ። ኢትዮጵያ ያመጣችው አራት፤ አንድ ወርቅና ሦስት ብር። ማንም ስላላሸነፈ ብሩን ምሳ በላንበት።

ነገሩ በሳቅ ሊያልፍ ይችል ነበር። ግን ከሰባታችን አራታችን ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን ነን፤ ሁለታችን ደግሞ ስፖርት እየጻፍን እንጀራ የምንበላ ነን። ዋጋ ከፍለን የሰጠነው ግምት በእጥፍ ከሳተ፣ በነጻ ለአንባቢና ለአድማጭ የምናድለውማ እንዴት ይሆን? ይህ ጥያቄ ምሳውን አላስበላንም ብንል ውሸት ነው፤ በልተናል። ካስበላን በኋላ ግን አልለቀቀንም።

ስምንት ከየት መጣ? እስቲ ወደ ኋላ እንቁጠር። በ2000 ሲድኒ ላይ 8 ሜዳልያ፣ በ2004 አቴንስ 7፣ በ2008 ቤጂንግ 7፣ በ2012 ለንደን መዝጊያው ቀን ላይ 7፣ በ2016 ሪዮ 8። አምስት ኦሊምፒክ በተከታታይ ሰባት ወይም ስምንት! በእነዚያ ዓመታት «ያለፈው ጊዜ ያህል እናመጣለን» ብሎ የተነበየ የታክሲ ረዳት ከአንድ ሜዳልያ በላይ አይሳሳትም ነበር። የእኛ ዕድሜ ልጆች ኦሊምፒክ ምን እንደሆነ ያወቅነው በእነዚህ ዓመታት ነው። ስምንት ለኛ ግምት አልነበረም፤ እንደ ደመወዝ በአራት ዓመት አንዴ የሚገባልን ነገር ነበር።

ከዚያ በኮሮና ምክንያት በ2021 የተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ መጣ፤ አራት። «ኮሮና ነው» አልን። ፓሪስም አራት። «የቡድን ምርጫው ነው» አልን። በ2025 እንደገና ቶኪዮ ላይ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተደረገ፤ ሁለት ብርና ሁለት ነሐስ፣ ወርቅ የሚባል የለም፤ አሁንም አራት። ውድድሩ ከኦሊምፒክ የተለየ ቢሆንም ሯጮቹ ያው ናቸው። እንግዲህ የታክሲ ረዳቱ ዘዴ ከ2000 ወዲህ በኦሊምፒክ በደንብ የሳተው አንዴ ብቻ፣ በ2021 ነው። በፓሪስማ ልክ ነበር። እኛ ግን ያለፈውን ጊዜ ትተን የልጅነታችንን ጊዜ ስንቆጥር ተገኘን።

ውጭ አገር ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንድሩ በርናርድና ሜጋን ቡሴ የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ጥናት የአንድን አገር የሜዳልያ ድርሻ ስለ አትሌቶቹ ምንም ሳያውቁ መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል። የሕዝብ ብዛት፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ አገሪቱ አዘጋጅ መሆን አለመሆኗ እና ባለፈው ኦሊምፒክ ያገኘችው ድርሻ ይበቃል። ሕዝብ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሕንድ ከ1.4 ቢሊዮን ሕዝብ ይዛ ሄዳ ፓሪስ ላይ 6 ሜዳልያ ነው ያገኘችው፤ አንዲት ከተማ የምታህለው ጃማይካም 6 አግኝታለች። አዘጋጅነት ደግሞ በዓይን ይታያል፤ ፈረንሳይ ቶኪዮ ላይ 33 አግኝታ በአገሯ 64 አፍሳለች።

የኛን አገር እዚህ ሒሳብ ውስጥ አስገቧት። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ ጥሩ። የነፍስ ወከፍ ገቢያችንን ስትጨምሩበት ሒሳቡ ወደ ዜሮ ያዘነብላል። የሚያድነን አራተኛው ነገር፣ ያለፈው ውጤት ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር የተመራማሪዎቹ ሞዴል ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው ከታክሲ ረዳቱ የበለጠ አይደለም። ስለ በቆጂ አያውቅም፤ ስለ እንጦጦ ዳገት አያውቅም። ጥፋቱ የሞዴሉ አይደለም። ሞዴሉ የተሠራው ዋናተኛም፣ ጂምናስቲከኛም፣ ብስክሌተኛም ለሚልኩ አገሮች ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ግሬስኖት የተባለው የመረጃ ድርጅት ከፓሪስ በፊት አሜሪካ 112 ሜዳልያ ታገኛለች ብሎ ነበር፤ 126 አገኘች። በአሥራ አራት ሜዳልያ ስቷል፤ ያም ሆኖ «በጣም ተቃርቧል» ተባለለት። ልክ ነው፣ ተቃርቧል። ከመቶ በላይ ሜዳልያ በሚሰበሰብበት ቦታ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሳይጠበቅ ያሸንፋል፤ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። የኛ ግን ከ60 በላይ የሆነው የኦሊምፒክ ሜዳልያ ሁሉ የመጣው ከአትሌቲክስ፣ ያውም ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ካለው ሩጫ ነው። በቤጂንግ ያገኘናቸውን አራት ወርቆች ያመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሁለት ሁለት። አንዳቸው ያን ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው ቢሆን የወርቁ ግማሽ ይጠፋ ነበር። ይህን ያህል ቀጭን ክር ላይ የተንጠለጠለ ቁጥር ነው በየማኪያቶ ቤቱ በእርግጠኝነት የምንናገረው።

ፓሪስን እንዳለ ተመልከቱት። በወንዶች 10 ሺህ ሜትር በሪሁ አረጋዊ ብር ሲያገኝ ከሦስተኛው ከአሜሪካዊው ግራንት ፊሸር የቀደመው በመቶኛ ሁለት ሰከንድ ነው። ትዕግስት አሰፋ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ ወርቁን በሲፋን ሐሰን የተነጠቀችው በሦስት ሰከንድ ነው። ድርቤ ወልተጂ በ1500 ሜትር አራተኛ ወጣች። ለሜቻ ግርማ ደግሞ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ከ2019 እስከ 2023 በተደረጉት አራት ታላላቅ ውድድሮች በአራቱም ብር ያገኘ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የሆነ ልጅ ነው። ማንኛውም ጤነኛ ተንባይ ሜዳልያ ይጽፍለታል፤ ሰባታችንም ጽፈንለት ነበር። በመጨረሻው ዙር መሰናክሉ ጠልፎት ወደቀ፤ በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት። ያን ሌሊት ስለ ሜዳልያው ያሰበ ከመሀላችን አልነበረም ለማለት እንወዳለን። እውነቱን ለመናገር ግን አንዳችን «አንዱ ቀነሰ» ማለቱን ሁላችንም ሰምተናል።

ታዲያ ትንበያ ከንቱ ነው ማለታችን ነው? አይደለም። ብቸኛው ወርቃችን ይህን ይነግረናል። ታምራት ቶላ ወደ ፓሪስ ማራቶን የተመዘገበው ተጠባባቂ ሆኖ ነው። ሲሳይ ለማ ተጎዳና ቦታውን ለቀቀለት፤ ታምራትም 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። በሰባቱ ወረቀቶቻችን ላይ ስሙ የለም። አንዳችን እንዲያውም ቀነኒሳን ጽፈን ነበር፤ በ42 ዓመቱ! (በልብ የተጻፈ ነውና ይቅር ይባልልን፤ ቀነኒሳ 39ኛ ወጥቷል።) «ማን ያውቅ ነበር?» ተባባልን። ማወቅስ ይቻል ነበር። ታምራት የ2022 የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ በ2023 ደግሞ ድልድይና ዳገት በበዛበት በኒውዮርክ ማራቶን የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸንፏል። የፓሪሱ ጎዳና ዳገታም መሆኑ ከዓመታት በፊት የተነገረ ነው። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ተጠባባቂው ሰውዬ ከዋናዎቹ ይልቅ ለዚያ ዳገት የተፈጠረ መሆኑን ያይ ነበር። ጽጌ ዱጉማም በ800 ሜትር ብር ስታመጣ «ያልተጠበቀ» ብለን ጻፍን፤ ያን ዓመት ግላስጎው ላይ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆና ነበር። ያልጠበቅነው እኛ ነን እንጂ ልጅቷስ አስታውቃ ነበር።

የኛ ትንበያ ችግሩ ይህ ይመስለናል። ከላይ ጀምረን ወደ ታች እንወርዳለን። መጀመሪያ ስምንትን እናስቀምጥና ስምንቱን የሚሞሉ ሰዎች እንፈልጋለን። ሥራው ግን ከታች ነው መጀመር ያለበት፤ በየርቀቱ ማን ይሮጣል፣ አየሩ ምን ይመስላል፣ ተጋጣሚው ማን ነው፣ ያው ሯጭ በስንት ርቀት ተመዝግቧል? ጉዳፍ ፀጋይ ፓሪስ ላይ በ1500፣ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ተሰልፋ ያለ ሜዳልያ ተመለሰች፤ እኛ ግን በወረቀታችን ላይ በሦስቱም ቆጥረናታል። እግሩ ያው አንድ ጥንድ መሆኑን ረስተን!

«ቢሳሳት ምን ይጎዳል? ጨዋታ ነው» የሚለን አይጠፋም። የሚጎዳው እዚህ ነው። እኛ አየር ላይ የለቀቅነው ቁጥር ወደ አትሌቱ ዕዳ ሆኖ ይደርሳል። ስምንት ተብሎ አራት ሲመጣ የጎደሉት አራቱ የአንድ ሰው ጥፋት ይሆናሉ። ትዕግስት ብር ይዛ ስትቆም ስንቶቻችን ነን «ተነጠቅን» ብለን የጻፍን? እኛው ራሳችን ጽፈናል። በዓለም ላይ በዚያ ቀን ከእሷ የቀደመች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ከቁጥራችን ጋር ሲነጻጸር ግን ብሯ ኪሳራ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ ብለን፣ ወተቷን ያላየነው በሯጩ ጥፋት ነው እንላለን።

እንግሊዞች ከለንደን በፊት ያደረጉትን ተመልከቱ። ለስፖርቱ ገንዘብ የሚያከፋፍለው የመንግሥት ተቋም፣ ዩኬ ስፖርት፣ «ቢያንስ ከ12 የስፖርት ዓይነቶች 48 ሜዳልያ» የሚል ግብ በይፋ አስቀመጠ፤ 65 አገኙ። እኛን የገረመን ውጤቱ አይደለም። ቁጥሩ ባለቤት ነበረው፤ ከገንዘብ ጋር የታሰረ ነበር፤ ባይሳካ ጥያቄው የሚሄደው ወደ ተቋሙ ነው እንጂ ውሃ ውስጥ ወደገባችው ዋናተኛ አልነበረም። (ሥርዓቱ ጨካኝ ነው፤ ሜዳልያ የማያመጣ ስፖርት ገንዘቡን ያጣል። እንዳለ እንቅዳው አላልንም።) የኛ ቁጥር ግን ወላጅ የለውም። ከውድድሩ በፊት ሁሉም ይናገረዋል፤ ከውድድሩ በኋላ «እኔ ነበርኩ ያልኩት» የሚል አንድ ሰው አታገኙም። ሶፍት ላይ መጻፋችን የጠቀመን ለዚህ ነው፤ መካድ አልቻልንም።

ደግሞም ያለፈው ቁጥር ራሱ ያለቀ ነገር አይደለም። ለንደን ላይ በሴቶች 1500 ሜትር አበባ አረጋዊ ለኢትዮጵያ ሮጣ አምስተኛ ወጥታ ነበር። ከፊቷ የነበሩት ሦስቱ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት አንድ በአንድ ተሰረዙ፤ የመጨረሻዋ የተሰረዘችው በ2024 ነው። አምስተኛዋ ሯጭ ከ12 ዓመት በኋላ ሁለተኛ ሆነች። ስለዚህ ለንደን ላይ «ሰባት» ብሎ በትክክል የገመተ ሰው ካለ፣ ያሸነፈበትን ብር ይመልስ እንደሆነ አናውቅም።

ለ2028 ሎስ አንጀለስ ፖስታው ከወዲሁ ታሽጓል። በዚህ ጊዜ ሕጉን ቀይረናል። ጠቅላላ ቁጥር ብቻ መጻፍ አይቻልም፤ በየርቀቱ ከመቶ ስንት ዕድል እንዳለን መጻፍ ግዴታ ነው፤ ማን እንደሚሰለፍ ሲታወቅ አንዴ ማረም ይፈቀዳል፤ ሁለቱም ወረቀቶች ይቀመጣሉ። የጋራ ግምታችንንም እዚሁ እናስቀምጠው፤ አምስት ሜዳልያ፣ ከእነሱም አንዱ ወርቅ። በሴቶች ማራቶን ቢያንስ አንድ ሜዳልያ የማግኘት ዕድላችንን ከመቶ ስልሳ ሰጥተነዋል። ከሦስት በታች ወይም ከሰባት በላይ ከሆነ በደንብ ስተናል ማለት ነውና መጥታችሁ ጠይቁን፤ ሯጮቹን ሳይሆን እኛን።

አሥራ አንድ ብሎ የነበረው ጓደኛችን አሁንም አሥራ አንድ ብሏል። በየርቀቱ ዘርዝር ቢባል የዘረዘረው ተደምሮ ስድስት ነው የመጣው። የቀረው አምስት ከየት እንደሚመጣ ብንጠይቀው «እሱን ለእግዜር ተዉት» ብሎ መቶ ብሩን ፖስታው ውስጥ ከተተ።