ፊዮርድን ማየትና ማወቅ

የኖርዌይን ምዕራባዊ ጠረፍ በካርታ ላይ የተመለከተ ሰው፥ ባሕሩ በብዙ ጠባብ ክንዶች ወደ ምድሩ ውስጥ ገብቶ ያያል። የአገሩ ሰዎች እነዚህን ፊዮርድ ይሏቸዋል። እኛም በጂኦግራፊ ትምህርት ስማቸውንና ርዝመታቸውን እናጠናለን፤ ሥዕላቸውንም አይተን እናደንቃለን። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ብቻውን ዕውቀት አይባልም። አንድን አገር ዐወቀ የሚባለው፥ የምድሩ መልክ ከምን እንደ መጣና ለነዋሪው ምን እንዳስከተለበት የተረዳ ሰው ነው።

ለምሳሌ የሱንሞሬን አውራጃ እንውሰድ። ይህ አገር በጥንት ዘመን በወፍራም በረዶ ተሸፍኖ ነበር። በረዶው ከከፍታው ወደ ባሕር እየተንሸራተተ ሲወርድ ዐለቱን ፋቀው፤ ሸለቆውን ጥልቅ አደረገው፤ ግራና ቀኙንም እንደ ግድግዳ አቆመው። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ባሕሩ ገብቶ ሸለቆውን ሞላው። በዚህ አኳኋን ከተፈጠሩት አንዱ የጌይራንገር ፊዮርድ፥ በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ነገር ግን ውበቱን የሰጠው ገደል አደጋውንም ይዞ ይኖራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 7 ቀን 1934 በታፊዮርድ ከተራራው የተገነጠለ ዐለት ውኃው ውስጥ ወደቀ። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያለ ውኃ መስፊያ ስለሌለው፥ ታላቅ ማዕበል ሆኖ ወደ መንደሮቹ ወጣና 40 ሰዎች ሞቱ። ዛሬም ከጌይራንገር ብዙ ሳይርቅ፥ ኦከርኔሴት በሚባለው ተራራ ላይ በየዓመቱ በጥቂት ሳንቲሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ አለ። ባለሙያዎች ሌትና ቀን በመሣሪያ ይጠብቁታል፤ ሕዝቡም ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ወደ ከፍታ የሚሸሽበት ሥርዓት ተዘጋጅቶለታል።

«ታዲያ አገሩን ለምን ለቀው አይሄዱም?» የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። ከገደሉ ሥር ያለችው ጥቂት መሬት፥ ዓሣውና የመርከቡ መንገድ ለብዙ ትውልድ መኖሪያ ሆነዋል። አደጋ የሌለበት ምድር ከቶ የት ይገኛል? የሚሻለው የሚኖሩበትን ምድር ጠባይ ዐውቆ መጠንቀቅ ነው። በ1934 በነበሩትና ዛሬ ባሉት መካከል ያለው ልዩነት ተራራው አይደለም፤ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ ካርታ ስንዘረጋ «ርዝመቱ ስንት ነው?» ብለን ብቻ አንለፍ፤ «እንዴት ተፈጠረ? ሰዎቹስ እንዴት ይኖሩበታል?» ብለን እንጠይቅ። መምህራኖቻችንም ይህንኑ በፈተና ቢጠይቁን፥ ከቁጥር ሸምዳጅነት አውጥተው ምድርን ወደ ማወቅ ያደርሱናል።